የአቴና ዴሞክራሲ በተግባር እንዴት ነበር የሚሠራው? (ዕጣ፣ ኦዲት፣ ፓርተኖን)

ሰገነት፦
ስለ ጥንቷ አቴና ሲወራ ሁሌ የምንሰማው ያው ነው፦ «ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ እጁን እያወጣ በቀጥታ ይወስን ነበር።» ይሄ ግን አሠራሩን አያስረዳም። እጅ በማውጣት ብቻ ሚዛን አይፈተሽም፣ መንገድ አይጸዳም፣ ፓርተኖንን የሚያህል ቤተ መቅደስም አይቆምም። ሹመኞቹ እንዴት ነበር የሚመደቡት? ዕጣ ሲባል ምን ተይዞ፣ ማን እያወጣው? ማጭበርበርስ በምን ተከለከለ? ፔሪክልስን የመሰለ ዕውቅ መሪ በትክክል ሥልጣኑ ምን ነበር? ግንባታውና ዴሞክራሲውስ የሚያገናኛቸው ነገር አለ ወይስ በአንድ ዘመን የተገጣጠሙ ናቸው? የምታውቁ በዝርዝር መልሱልኝ፤ «ግሪክ የሥልጣኔ እናት ናት» የሚለውን ስለጠገብኩት ይቅር። ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለውን ዓመት «ዓ.ዓ.» እያላችሁ ጻፉ፣ እንዳይምታታ።

ቀለም_ቀንድ፦
ከሹመቱ ልጀምር። ፖለቲከኛው ክሊስቴንስ በ508/7 ዓ.ዓ. ባመጣው ለውጥ የአቲካ ምድር (አቴናና ዙሪያዋ) 139 ያህል ቀበሌዎች (እነሱ «ዴሞስ» ይሏቸዋል) ሆና በ10 ነገድ ተደለደለች። ድልድሉ ተንኮል አለበት። እያንዳንዱ ነገድ አንድ ክፍል ከከተማው፣ አንድ ከባሕር ዳርቻው፣ አንድ ከመሀል አገሩ እንዲይዝ ተደርጎ ተሰባጠረ። አንድ ባላባት የወንዙን ልጆች ሰብስቦ ነገዱን ሁሉ እንዳይነዳ ነው።

ከየነገዱ 50 ሰው በዕጣ ወጥቶ የ500ው ምክር ቤት ይሞላል። ኮታው እንደ ቀበሌው ብዛት ነው፤ ትልቁ ቀበሌ አካርናይ 22 ሰው ሲልክ ትንንሾቹ አንድ አንድ ይልካሉ። ዕድሜ 30 የሞላው፣ ለአንድ ዓመት፣ በሕይወት ዘመን ቢበዛ ሁለት ጊዜ። ምክር ቤቱ አጀንዳ ያዘጋጃል እንጂ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ፕኒክስ በሚባለው ኮረብታ ላይ የሚሰበሰበው ጉባኤ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ. ጉባኤው በዓመት 40 ጊዜ መደበኛ ስብሰባ ነበረው።

ዓመቱ ለ10 ተከፍሎ የእያንዳንዱ ነገድ 50 ሰዎች በተራ የዕለት ሥራውን ይመራሉ። የመጀመሪያዎቹ አራት ተራዎች 36 ቀን፣ የቀሩት ስድስት 35 ቀን ናቸው፤ ድምሩ 354፣ የጨረቃ ዓመት። ከ50ዎቹ ደግሞ በየቀኑ አንድ ሊቀ መንበር በዕጣ ይወጣል። የመንግሥቱን ማኅተምና ገንዘቡና መዝገቡ ያለባቸውን የቤተ መቅደሶች ቁልፍ የሚይዘው ለአንድ ሌሊትና ለአንድ ቀን ነው፤ ሁለተኛ አይደርሰውም። እንግዲህ አስሉት፤ በዓመት 354 ሰው የአገሩን ቁልፍ ይዞ ያድር ነበር ማለት ነው።

የቀረውም ሹመት አብዛኛው በዕጣ ነው፣ ያውም በቡድን፦ 10 የገበያ ተቆጣጣሪ (5 ለከተማ፣ 5 ለፒሬዎስ ወደብ)፣ 10 የሚዛንና የስፍር ተቆጣጣሪ፣ 10 የመንገድና የጽዳት ሹም። አሥር የሆኑት ሥራው ስለበዛ ሳይሆን አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነው። በምርጫ የሚሾሙት ጥቂቶች ናቸው፤ ዋነኞቹ የጦር አዛዦች።

ጠበቃው፦
ዕጣው እንዴት ይወጣ እንደነበር ከሁሉ በተሻለ የምናውቀው በፍርድ ቤቱ በኩል ነው። ምንጩ በአርስቶትል ስም የሚጠራው ስለ አቴና ሥርዓተ መንግሥት የሚያወሳ ጽሑፍ ነው፤ ግብፅ ውስጥ በአንድ እርሻ የሒሳብ መዝገብ ጀርባ ላይ ተገልብጦ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. 1891 ታተመ። በ1930ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው ስተርሊንግ ዶው በአጎራ (በከተማዋ አደባባይና ገበያ) ቁፋሮ የወጡትን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለባቸው ድንጋዮች ከጽሑፉ ጋር አስተያይቶ የዕጣ ማውጫው መሣሪያ መሆናቸውን አሳየ። ስሙ ክሌሮቴሪዮን ነው። አካሄዱ እንዲህ ነበር (4ኛው መቶ ዓመት ዓ.ዓ.)፦

ለዳኝነት የተመዘገበ ሰው ሁሉ የራሱ ስም፣ የአባቱ ስምና ቀበሌው የተጻፈበት ሰሌዳ አለው፤ ከላዩ ከ10 ፊደላት አንዱ ታትሞበታል። ጠዋት በነገዱ በር ይገባና ሰሌዳውን በዚያው ፊደል ሣጥን ውስጥ ይጥላል። ለእያንዳንዱ ነገድ 10 ሣጥን፣ 2 ክሌሮቴሪዮን አለ። ሣጥኖቹ ይናወጣሉ። ሹሙ ከእያንዳንዱ ሣጥን አንድ ሰሌዳ ያወጣል፤ የሰሌዳው ባለቤት የዕለቱ «ሰኪ» ይሆንና ከዚያ ሣጥን የወጡትን ሰሌዳዎች በድንጋዩ ላይ በፊደሉ ረድፍ ከላይ ወደ ታች ይሰካል። ሰኪው ራሱ በዕጣ የሚወጣበትን ምክንያት ጽሑፉ በግልጽ ያስቀምጠዋል፦ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሰካ ያጭበረብራል።

አንዱ ድንጋይ 5 ቋሚ ረድፍ አለው፤ ስለዚህ አንድ አግድም መስመር 5 ሰው ይይዛል። በጎን በኩል ባለው ቧንቧ ነጭና ጥቁር የነሐስ ኩቦች ተደባልቀው ይገባሉ፤ ለሚፈለጉት ለእያንዳንዱ 5 ዳኞች አንድ ነጭ። ኩቦቹ ከታች አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። የመጀመሪያው ነጭ ከሆነ የመጀመሪያው መስመር 5 ሰዎች ገቡ፤ ጥቁር ከሆነ ሰሌዳቸውን ይዘው ወደ ቤት። እንዲህ እያለ እስከ ታች። አንዱ ረድፍ አጭር ከሆነ ከእሱ በታች የተሰኩት ሁሉ መስመራቸው ስለማይሞላ ከውድድሩ ይወጣሉ።

የተመረጠው ሰው ገና አላበቃም። ከማሰሮ የኦክ ዛፍ ፍሬ የመሰለች ዕጣ ያወጣል፤ ፊደሏ የትኛው ችሎት እንደሚገባ ትነግረዋለች። የችሎቱ በር ጉበን ቀለም የተቀባ ነው፤ ለሰውየው በዚያው ቀለም የተቀባ በትር ይሰጠዋል። ቀለሙ ካልገጠመ አይገባም። ሰሌዳው ደግሞ ወደ ተመደበበት ችሎት ስለሚላክ ውሎ አበሉን የሚያገኘው እዚያው ነው፤ ሌላ ችሎት ሾልኮ ቢገባ ሦስት ኦቦሉ (የዘመኑ ሳንቲም) ይቀርበታል።

ሰገነት፦
ጉድ ነው! የእቁብ ዕጣ እንኳ ይሄን ያህል አይጠበቅም። ግን ለምን ይሄ ሁሉ? የዳኞቹን ስም ከዋዜማው ማንበብ አይበቃም ነበር?

ጠበቃው፦
ስሙ ከዋዜማው ከታወቀ ሌሊቱን በር ይንኳኳላ! አኒቶስ (በኋላ ሶቅራጥስን ከከሰሱት አንዱ) በ409 ዓ.ዓ. የፒሎስን ምሽግ አስነጥቀሃል ተብሎ ሲከሰስ ለዳኞቹ ጉቦ በመስጠት ከቅጣት እንዳመለጠ፣ ይህንንም በማድረግ የመጀመሪያው እሱ እንደሆነ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ አሠራሩ ደረጃ በደረጃ ጠበቀ። የማዕዘኑ ድንጋይ አንድ ነው፦ ችሎቱ እስኪጀመር ድረስ ማን የትኛውን ክስ እንደሚዳኝ ዳኛውም፣ ከሳሹም፣ ተከሳሹም አያውቅም። ብዛቱም ይረዳል፤ ከ1,000 ድራክማ በታች ለሆነ የግል ክርክር 201 ዳኛ፣ ከዚያ በላይ 401፣ ለሕዝባዊ ክስ 501 እና ከዚያ በላይ። ይግባኝ የለም፣ ዳኞቹ መምከሪያ ክፍል አይገቡም። ንግግሩ በውሃ ሰዓት ይለካል፤ አጎራ የተገኘው ማሰሮ 6.4 ሊትር ያህል ይይዛል፣ ባዶ ለመሆን 6 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ሕግ ወይም የምስክር ቃል ሲነበብ በግል ክርክር ውሃው ይደፈናል።

ድምፁ ደግሞ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ዳኛ ሁለት የነሐስ ክብ ነገር ይሰጠዋል፤ አንዱ መሀሉ ላይ ያለው ዘንግ ክፍት (ለከሳሽ)፣ የሌላው ድፍን (ለተከሳሽ)። የዘንጉን ጫፍና ጫፍ በአውራ ጣትና በሌላ ጣት ሲይዘው የትኛው የትኛው እንደሆነ ማንም አያይም። የሚፈልገውን በነሐሱ ማሰሮ፣ የተረፈውን በእንጨቱ ይጥላል። የሚቆጠረው የነሐሱ ነው። እኩል ከወጣ ተከሳሹ ነጻ።

ተጠራጣሪው፦
መሣሪያው ያምራል፤ ሰውየውስ? መንገድ ላይ ያለን ሰው በዕጣ አንስቶ የገበያ ሹም ማድረግ ራሱ ስንፍና አይደለም? ሶቅራጥስም በዚህ ያፌዝ ነበር፤ የመርከብ መሪ በዕጣ የሚመርጥ አለ ወይ እያለ። ሌላም ልጨምር። በ406 ዓ.ዓ. በአርጊኑሳይ የባሕር ጦርነት ያሸነፉትን አዛዦች ማዕበል ስለያዛቸው የሰመጡትን መርከበኞች አላነሣችሁም ብሎ በአንድ ድምፅ፣ በጅምላ የገደላቸው ይሄው ጉባኤ ነው። ከስምንቱ ስድስቱ አቴና ተመልሰው ተረሸኑ በሉት፤ የፔሪክልስ ልጅም አለበት።

ቀለም_ቀንድ፦
«ተረሸኑ» ማለቱ ጥይት ያስመስለዋል፤ በሞት ተቀጡ እንበል። ፍሬ ነገሩ ግን ልክ ነው፣ ያውም የከፋ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ይፈረድ የሚለው ሥርዓት ተጣሰ። ኤውሪፕቶሌሞስ የሚባል ሰው ሐሳቡ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሊከስ ሲነሣ «ሕዝቡ የፈለገውን እንዳያደርግ መከልከል ነውር ነው» እያለ ሕዝቡ ጮኸበት፤ ክሱን ካላነሣህ ከአዛዦቹ ጋር ይፈረድብሃል ተባለና አነሣ። በዚያ ቀን ተራ ከደረሰው ነገድ 50 ሰዎች አንዱ ራሱ ሶቅራጥስ ነበር፤ አልስማማም አለ። ብዙ ሳይቆይ ጉባኤው ተጸጽቶ ሐሳቡን ያመጡት እንዲከሰሱ ወሰነ፣ የሞቱት ግን ሞተዋል። ተገልብጦ የነበረው ዴሞክራሲ በ403 ዓ.ዓ. ሲመለስ ሕግ ማውጣቱ ከጉባኤው ሞቅታ ወጥቶ መሐላ ለፈጸሙ ሕግ መርማሪዎች መሰጠቱ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ስለ ሰውየው ችሎታ ግን የተሳሳትክ ይመስለኛል። ዕጣው መሀል ላይ ያለ ነገር ነው፤ ከፊቱም ከኋላውም ማጣሪያ አለ። ከፊቱ ምርመራ፦ አባትህ ማን ነው፣ ከየትኛው ቀበሌ? እናትህስ? የቤተሰብህ መቃብር የት ነው? ወላጆችህን ትጦራለህ? ግብር ትከፍላለህ? ዘምተሃል? ከዚያ «ይህን ሰው የሚከስ አለ?» ይባላል። ስለ ሙያ አንድም ጥያቄ እንደሌለ ልብ በል፤ የሚፈልጉት ታማኝ ጎረቤት ነው።

ከኋላው ኦዲት። ዘመኑን የጨረሰ ሹም በ30 ቀን ውስጥ ሒሳቡን ለ10 መርማሪዎች ያስረክባል። ሂሳቡ እስኪዘጋ ከአገር መውጣት፣ ንብረቱን ለቤተ መቅደስ መስጠት፣ በኑዛዜ ማውረስም አይችልም። ሀብቱ እንዳይሸሽ ነው። አንድ ሳንቲም ያልነካ ሹም እንኳ «አልተቀበልኩም፣ አላወጣሁም» ብሎ በጽሑፍ ያስገባል።

የጦር አዛዥነት ግን በዕጣ አይሰጥም፣ እዚህ ላይ አቴናውያን ከሶቅራጥስ ጋር ይስማማሉ። 10 ስትራቴጎስ በየዓመቱ በእጅ ብልጫ ይመረጣሉ፣ የፈለጉትን ያህል ጊዜ መደጋገምም ይቻላል። የፔሪክልስ ሹመት ይኸው ነው፤ 15 ዓመት ተከታትሎ እንደተመረጠ ፕሉታርክ ጽፏል። ከዘጠኙ ጓዶቹ የበለጠ ድምፅ አልነበረውም፤ ጉባኤውን እያሳመነ ነው የኖረው። በ430 ዓ.ዓ. ከስፓርታ ጋር የተገጠመው ጦርነትና ወረርሽኙ ሲበረታ ያው ሕዝብ ሻረው፣ መቀጮም ጣለበት፤ መልሶ መረጠው፣ በ429 ሞተ።

ሰገነት፦
በገል (በሸክላ ስባሪ) ላይ የሰው ስም ጽፎ ከአገር ማባረርስ? እሱ ለማጭበርበር የተመቸ ይመስላል።

ቀለም_ቀንድ፦
ይመቻል፣ ማስረጃውም ተገኝቷል። በመጀመሪያ አካሄዱ፦ በየዓመቱ በስድስተኛው ተራ ጉባኤው «ዘንድሮ ይደረግ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ይሁን ካለ በስምንተኛው ተራ አጎራ ታጥሮ ሕዝቡ በየነገዱ በር ይገባና ገሉን ይጥላል። ቢያንስ 6,000 ገል ካልተጣለ ነገሩ ፈረሰ። ብዙ የተጻፈበት ሰው በ10 ቀን ውስጥ ለ10 ዓመት ይወጣል፤ ንብረቱም ዜግነቱም አይነካም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራበት በ487 ዓ.ዓ. ነው፤ ሃይፐርቦሎስ የሚባል ፖለቲከኛ በ410ዎቹ ከተባረረ በኋላ ቀረ።

አሁን ማጭበርበሩ። ከአክሮፖሊስ (ፓርተኖን የቆመበት ኮረብታ) ሰሜናዊ ግርጌ ካለ ጉድጓድ ውስጥ የፖለቲካ መሪው የቴሚስቶክልስ ስም ያለባቸው 190 ያህል ገሎች ወጡ። የእጅ ጽሑፉ ሲመረመር የጻፏቸው 14 ሰዎች ብቻ ናቸው። ተዘጋጅተው ለመራጭ ሊታደሉ የነበሩ ይመስላል። ጽሕፈት ለማይችል ሰው የቀረበ አገልግሎት ነው የሚሉም አሉ፤ ግን 190ው ላይ አንድ ስም ብቻ የጻፈ አገልጋይ ገለልተኛ ነው ለማለት ይከብዳል።

ተጠራጣሪው፦
እሺ። አንድ ነገር ግን ሳይነሣ እንዳያልፍ፤ «ሕዝብ» የምትሉት ማነው? ሴት የለችበትም፣ ባሪያ የለበትም፣ ትውልድ ቆጥሮ አቴና የኖረ መጤም የለበትም። ፔሪክልስ ራሱ በ451/0 ዓ.ዓ. ባወጣው ሕግ በእናትም በአባትም አቴናዊ ያልሆነ ዜጋ አይሆንም። የፓርተኖን ገንዘብም የአጋሮቹ ነው፤ አቴና የምትመራው የግሪክ ከተሞች ሕብረት ግምጃ ቤት በ454 ከዴሎስ ደሴት ወደ አቴና መጣና ከስልሳ አንዱ ለአቴና አምላክ ይቆረጥ ጀመር። ፓርተኖንን ስታደንቁ ይሄንንም አድንቁ።

ዐምደ_ወርቅ፦
ስለ ግንባታው የጠየቅኸውን እኔ ልውሰድ፣ ተጠራጣሪው ያነሣውም እዚሁ ይገባል። ዴሞክራሲውና ሕንፃው የሚገናኙት ውበት ላይ ሳይሆን ሒሳብ ላይ ነው። ፓርተኖን ከ447 እስከ 438 ዓ.ዓ. ቆመ፣ ቅርጻ ቅርጹ በ432 አለቀ። አርክቴክቶቹ ኢክቲኖስና ካሊክራቴስ፣ የቅርጹ አለቃ ፊዲያስ። ግንባታውን የሚቆጣጠረው ግን በየዓመቱ የሚለወጥ ቦርድ ነው፤ ገቢና ወጪው በእብነ በረድ ተቀርጾ አደባባይ ቆመ። ስባሪው ዛሬም አለ፤ የተረፈ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ተሸጦ ገቢ መደረጉ ሳይቀር ተጽፎበታል። በውስጡ የቆመው የአምላኳ የአቴና ሐውልት ወርቅም እየተፈታ እንዲመዘን ሆኖ የተሠራ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው አጠገቡ ያለው የኤሬክቴዮን ቤተ መቅደስ ሒሳብ ነው (409/8 ዓ.ዓ. እና ተከታዩ)። ማንነታቸው ከተለየው 86 ሠራተኞች ውስጥ 24ቱ ዜጋ፣ 42ቱ መጤ፣ 20ው ባሪያ። ጠራቢው በቀን አንድ ድራክማ፤ ዜጋም ሆነ ባሪያ ያው ነው (የባሪያው ለጌታው ይገባል ብለን እንገምት)። አርክቴክቱም በቀን አንድ ድራክማ! በፍሪዙ (በግድግዳው አናት በሚዞረው የቅርጽ መቀነት) ላይ ለሚለጠፍ አንድ የሰው ምስል 60 ድራክማ። ስለዚህ ተጠራጣሪው፣ ከጉባኤው የተከለከለው ሰው ስሙ በሒሳቡ ድንጋይ ላይ አለ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። ብዙ ሰው ፓርተኖን «በወርቃማው ምጣኔ» (1 ለ 1.6 ገደማ) ተሠራ ይላል። አይደለም። ተደጋግሞ የሚገኘው ምጣኔ 4 ለ 9 ነው፦ የመድረኩ ወርድ ለርዝመት (30.9 በ69.5 ሜትር)፣ የዓምዱ ውፍረት ለዓምድ እርቀት። ዓምዶቹ 8 በ17፣ ቁመታቸው ወደ 10.4 ሜትር።

ቀጥ ያለ የሚመስለው ሁሉ ቀጥ አይደለም። መድረኩ መሀሉ ላይ ያብጣል፤ በአጭሩ ጎን ወደ 6፣ በረጅሙ ወደ 11 ሳንቲ ሜትር። ዓምዶቹ ወደ ውስጥ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ያዘነብላሉ። የማዕዘኖቹ ዓምዶች በ4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወፍራሉ፣ ወደ ጎረቤታቸውም ይጠጋሉ። ይህ ለጠራቢው ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፦ የታችኛው የዓምድ ቁራጭ የሚያርፈው ተዳፋት ላይ ነው፣ ዓምዱ ደግሞ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ቁራጩ በአንድ ጎን ከሌላው ይረዝማል። አንዱን ከሌላው ቦታ መቀያየር አይቻልም። በዓምዱ ላይ ያሉት 20 ቦዮች የሚፈለፈሉት ዓምዱ ቆሞ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የሚፈለፈለው የግርጌውና የአናቱ ጫፍ ብቻ ነው፣ ለመነሻ። ቀድመህ ከፈለፈልከው ሲነሣ ጠርዙ ይሸረፋል።

ሲሚንቶ የለም። ከፔንቴሊኮን የድንጋይ ካባ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣው እብነ በረድ ድንጋይ ለድንጋይ በብረት ማያያዣ ይታሰራል። ብረቱ በተፈለፈለለት ቦታ ይገባና የቀለጠ እርሳስ ይፈስበታል። እርሳሱ ውሃና አየር ይከለክላል፣ ሲነቀነቅም ለስላሳ ስለሆነ ይቀበላል። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ባላኖስ የሚባለው መሐንዲስ ሲጠግነው ብረቱን ያለ እርሳስ ቀበረው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሁለት ሺህ ዓመት የቆየውን ድንጋይ በጥቂት አሥርት ዓመታት ከውስጥ ሰነጠቀው። እ.ኤ.አ. ከ1975 ወዲህ ኮሚቴ ተቋቁሞ ያን ብረት እያወጣ በቲታኒየም እየተካ ነው። የቲታኒየሙ መጠን ሲሰላም የመሬት መንቀጥቀጥ ቢመጣ ከእብነ በረዱ ቀድሞ እሱ እንዲለቅ ተደርጎ ነው። መሀሉን ያፈረሰው ግን ዝገት አይደለም፤ በመስከረም 1687 (እ.ኤ.አ.) ኦቶማኖች ባሩድ ያከማቹበት ላይ የቬኒስ ሞርታር ወድቆበት ነው።

ሚሚ_ዲሲ፦
ስለ ተጽዕኖው ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣ። የአሜሪካ መሥራቾች ግሪክን ይወዱ ነበር ሲባል እሰማለሁ። ሕንፃውን ወደዱ፤ ሥርዓቱን ፈሩት። ከመሥራቾቹ አንዱ ማዲሰን በ1788 የአቴና ሰው ሁሉ ሶቅራጥስ ቢሆን እንኳ ጉባኤው ያው ሁካታ ይሆን ነበር ብሎ ጽፏል፤ የወሰዱት ምርጫን ነው። አርስቶትል ደግሞ ዕጣ የዴሞክራሲ፣ ምርጫ የጥቂቶች አገዛዝ ምልክት ተደርጎ እንደሚታይ ጽፎ ነበር። ዕጣው በዳኝነት ጁሪ በኩል ብቻ ተንጠልጥሎ ቆየ። በቅርቡ ግን እየተመለሰ ነው፤ አየርላንድ በ2016 በዕጣ የወጡ 99 ዜጎችና አንድ ሰብሳቢ ያሉበት ጉባኤ አቋቁማ፣ ፖለቲከኞች ለዓመታት የሸሹትን የፅንስ ማቋረጥ ጉዳይ ሰጠቻቸው። ምክረ ሐሳባቸው በግንቦት 2018 ሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ 66.4 በመቶ አገኘ።

ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ የሊንከንን መታሰቢያ አይታችሁታል። ዐምደ_ወርቅ፣ እሱ የፓርተኖን ቅጂ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ዐምደ_ወርቅ፦
መነሻው ነው፣ ቅጂ ግን አይደለም። ሄንሪ ቤከን የነደፈው፣ በ1922 የተመረቀው ነው። ዙሪያውን 36 የዶሪክ (የፓርተኖን ዓይነት ስልት) ዓምዶች አሉት፤ ቁጥሩ ሊንከን ሲሞት የነበሩት ክፍላተ ሀገራት ነው እንጂ የግሪክ ምጣኔ አይደለም። ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር የለውም፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ መግቢያውም በሰፊው ጎን ነው፣ ፓርተኖን ግን በጠባቡ። ዓምዶቹን ወደ ውስጥ ማዘንበል ግን ከአቴና ወስዶታል። ባዶ ዓይን አይለየውም።

የፓርተኖንን እብጠት ግን አቴና የሄደ ሰው በቀላሉ ያየዋል። ከፊት ለፊት ቆሞ አይደለም። ወደ ማዕዘኑ ሄደህ ጎንበስ በል፣ ዓይንህን ከደረጃው ጠርዝ ጋር እኩል አድርገህ በረጅሙ ጎን ተመልከት። ማዶ ጫፍ ደረጃው ላይ ቆብ ቢቀመጥ መሀሉ ይጋርደዋል። ከላይኛው ደረጃ ሳትደርስም ይሆናል፤ እብጠቱ የሚጀምረው ከታችኛው ነው።